የፌንጣው ርስት

ገመዴ ተመለሰልኝ! ትናንት እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ከገመዴ ጋር ደብተሬ፣ ከደብተሬ ጋር ደግሞ ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ የሆነች መሬት፣ ማጭድ እንዳይገባባት ተብሎ። በእኛ ቤተሰብ ታሪክ የመሬት ክርክር ያሸነፈ ሰው የለም። አባቴ ከአጎቱ ልጅ ጋር በአንዲት የድንበር ድንጋይ ሲካሰስ እኔ ተወልጄ፣ ጥርስ አብቅዬ፣ ነቅዬ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ድንጋይዋ ግን የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ በአምስት ቀን ጨረስኩ። ያውም ለራሴ ሳይሆን ለፌንጣ ተከራክሬ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ቤታችን ከዘመሮ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ክልክል አለ። ክልክል የምንለው ከብት እንዳይገባበት፣ ማጭድ እንዳይነካው ሽማግሌዎች የሚዘጉትን ሣር ነው። ዘንድሮ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ይከፈታል። የተከፈተ ቀን ማጭድ ያልያዘ እጅ የለም፤ ጓሣው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለፍራሽ ይታጨዳል፤ ሲመሽ ሜዳው እንደተላጨ ራስ ይሆናል። ከአፋፉ ሆነው ወደ ማዶ ሲያዩ ቆላው ከታች ይጨሳል፣ ከቆላው ወዲያ የመርሐቤቴ አገር ይታያል። አክስቴ ዓለም ከተማ ነው ያለችው። በዓይን ቅርብ ናት፤ በእግር ግን ወርዶ መውጣት ነው፣ በመኪና ደግሞ ዞሮ ዞሮ ዞሮ።

የባዮሎጂ መምህራችን በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ሥራ ሰጡን። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ ምረጡ፣ ዙሪያውን በገመድ ከልሉ፣ ውስጡ ያለውን የሕይወት ዓይነት ሁሉ ቁጠሩ፣ በየሳምንቱም ተመልሳችሁ እዩ አሉን። የተሻለው ሥራ መሐል ሜዳ ከተማ በሚደረገው የተማሪዎች ዐውደ ርዕይ ላይ ይቀርባል።

«ከአንድ ሜትር ሣር ውስጥ ስንት ዓይነት ይገኛል ብላችሁ ትገምታላችሁ?» አሉ።

ሣር አንድ ነው፤ ሣር ሣር ነው። እኔ ለጋስ ለመምሰል እጄን አውጥቼ «ሦስት» አልኩ። መምህራችን ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ አሁን ሳስባት ጆሮዬ ይግላል።

በግ የምናስርበትን ገመድ ወሰድኩ። አራት ችካል ጠረብኩ። ችካሎቹ ጉም ውስጥ እንዳይጠፉኝ ያረጀ ቀይ ሹራቤን ቀድጄ በየጫፋቸው አሰርኩ። ያኔ ማወቅ ነበረብኝ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ልጅ «እማዬ» ማለት ከተማረ በኋላ ቀጥሎ የሚማረው «ድንበር» ማለትን ነው። ገመድ ይዞ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ወይ በግ ሊያስር ነው፣ ወይ መሬት ሊለካ። በግ አልያዝኩም።

ሁለት ሳምንት ጉሙ ሸፈነኝና ማንም አላየኝም። በመጀመሪያው ቀን ተንበርክኬ ሳይ ሣር የሚባል ነገር እንደሌለ ገባኝ። ሣር ማለት «ሕዝብ» እንደማለት ነው፤ ከሩቅ አንድ፣ ጠጋ ሲሉት እያንዳንዱ ሌላ። ጓሣው ከላይ ቆሟል፤ ከሥሩ ጦስኝ ተነጥፏል፤ ከጦስኙ ጎን ድንጋይ አለች፤ ድንጋይዋ ላይ ዝገት የመሰለ ነገር ተለጥፏል፤ ዝገት ነው ብዬ ስፍቀው ሕይወት ያለው ሆኖ ተገኘ። ጓሣን፣ ጦስኝን፣ ማገትን በስም አውቃቸዋለሁ። ሳማን ሳላውቃት እሷ ቀድማ አወቀችኝ፤ እጄ እስከ ማታ ሲለበልበኝ ዋለ። የቀሩትን ስማቸውን ስለማላውቅ ሁሉንም በቁጥር መዘገብኩ። ቁጥር ብቻውን ደግሞ ይረሳል፤ እንዳይረሳኝ ለየቁጥሩ አንድ አንድ ቅጽል ስም አወጣሁ። ደብተሩን ከእኔና ከመምህሬ በቀር ማን ያየዋል? ብዬ እጄን ለቀቅኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ቁጥር ሃያ አንድ መጣ። ጠብደል ያለ፣ የደረቀ ቅጠል የሚመስል ፌንጣ ነው። ይበርራል ብዬ በጣቴ ነካ አደረግሁት፤ እንደ ሽማግሌ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቆመ። ይዤ ገለበጥኩት፤ ክንፍ የለውም። ተሰብሮበት ይሆናል ብዬ አዘንኩለት። ሌላ አገኘሁ፤ እሱም የለውም። ሦስተኛውም። አንድ መንደር ሙሉ ክንፍ አልባ!

በማግስቱ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። «እንዲህ ባለ አፋፍ ላይ ክንፍ ትርፉ መከራ ነው» አሉኝ። «ክንፋሞቹን ነፋስ እያነሳ ገደል ይከታቸዋል፤ ክንፋቸው ያጠረው ይቀራሉ፣ ይወልዳሉ። ልጆቻቸውም እንደነሱ ያጥራሉ። እንዲህ እያለ ከብዙ ዘመን በኋላ ክንፉ ጨርሶ ይጠፋል። መብረር ካልቻለ ደግሞ ገደሉን አይሻገርም። ማዶ የቀረው ወንድሙ በራሱ መንገድ ይለወጣል፣ ይኼኛው በራሱ። በመጨረሻ ቢገናኙ እንኳ የማይጋቡ ሁለት ዓይነት ይሆናሉ። ይመስለኛል።» መምህራችንን በጣም የማምናቸው «ይመስለኛል» ሲሉ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጉሙ ተገፈፈና እኔ ታየሁ። ያዩኝ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው፤ ውኃ ቀድተው ሲመለሱ።

«አንቺ! ምን ትሠሪያለሽ?»

«እየቆጠርኩ ነው፣ እትዬ።»

«ምኑን?»

«ሣሩን።»

እንስራቸውን አወረዱ። «ሣር ይቆጠራል?»

«አንድ በአንድ ሳይሆን በየዓይነቱ ነው።»

«በየዓይነቱ!» ወደ ቀዩ ጨርቅ አገጫቸውን ቀሰሩ። «ይኼ ችካልስ ምን ዓይነት ነው? ማነው የላከሽ?»

«መምህሬ።»

«መምህርሽ ከመቼ ወዲህ መሬት አስተዳደር ገቡ? እኛን ሣር ቆጠርኩ ብለሽ ልታሞኚ! ውሸት እንኳ ሲዋሽ ወግ አለው።»

እንስራቸውን አዝለው ሄዱ። አረማመዳቸው የውኃ ሳይሆን የወሬ ነበር። እኔ ቤት ስደርስ አንድ ሜትሬ ግማሽ ጋሻ ሆና ጠበቀችኝ። ክልክሉ ሊታረስ ነው፤ አይደለም፣ ሊሸጥ ነው፤ አይደለም፣ የእኔ አባት የድንበር ድንጋዩ ቢያቅተው በልጁ በኩል ክልክሉን ሊያስለካ ነው። አባቴ ይኼን ሁሉ የሰማው ከእኔ በፊት ነው። «አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ፌንጣ አገኘሁ» አልኩት። ይኼ መልስ አልጠቀመውም።

ከሰዓት በኋላ የክልክሉ ሽማግሌ ቤታችን መጡ። ከመንደሩ በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም፤ ሣሩን የሚዘጉትም የሚከፍቱትም እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው በክርክር የታወቁ ነበሩ ይባላል፤ አሁንም ሲናገሩ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ይተክሉና ዳኛ ፊት እንደቆሙ ያደርጋቸዋል። ገመዴን ከችካሉ ፈትተው ክንዳቸው ላይ ጠቅልለው መጥተዋል። ገመዱ ራሱ ከጓሣ የተገመደ ነው።

«ሣሩን በሣር አሰርሽው?» አሉኝ።

«አባባ፣ ለትምህርት ነው።»

«ደብተሩንም አምጪ። እሁድ ሽማግሌ ያየዋል።»

«አባባ፣ ክልክሉ እኮ ሊከፈት ነው! ቆጥሬ ሳልጨርስ ከታጨደብኝ የሦስት ሳምንት ሥራዬ ጠፋ ማለት ነው።»

«ሣር አይደለም እንዴ? ለከርሞ ይበቅላል።»

ገመዴም ደብተሬም ሄዱ። ደብተሩ ውስጥ ቅጽል ስሞቹ እንዳሉ ትዝ ያለኝ ሽማግሌው በሩን ከወጡ በኋላ ነው።

ሐሙስ ማኅበር ነበር። አባቴ እንደ ወትሮው ቦታው ላይ ተቀመጠ። ጠላው ሲቀዳ ዋንጫው ከግራ በኩል እየዞረ መጣና አባቴን ዘሎ ከቀኙ ላለው ሰው ተሰጠ። አባቴ ቤት መጥቶ «ዛሬ ጠላው ቀጭን ነበር» አለ። አልቀመሰውም።

አርብ ጠዋት ደግሞ በጓሮ በኩል እትዬ መጡ። በነጠላቸው ጫፍ የገብስ ቆሎ ቋጥረዋል። ጭብጤ ውስጥ አፍስሰውልኝ ግራ ቀኝ አዩና፣ «ልጄ፣ ያው መለካቱ ካልቀረ… የእኔ ማሳ በምሥራቅ በኩል ትንሽ ገፋ ቢል ምን ይልሻል?» አሉ።

«እትዬ፣ እኔ መሬት አልለካም።»

«እሱማ፣ እሱማ» አሉ በዓይናቸው ጠቅሰውኝ። «ለማንም አልናገርም።» ቆሎው ሳይፈተግ የሚቆላው የሰነፍ ቆሎ ገብስ ነበር፤ ይጣፍጣል። በላሁት። ስለዚህ ጉቦ በልቻለሁ ማለት ነው፤ ግን ከጉዳዩ በፊት ስለጨረስኩት ማስረጃ የለም።

እሁድ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ዛፉ ሥር፣ ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሕዝቡ ከበበ። አባቴ ከኋላ ቆመ። ሽማግሌው ጥቃቅን ጽሑፍ ስለማይታያቸው ደብተሩን ለደብራችን ቄስ ሰጧቸው።

«ያንብቡልን፣ አባ። የማን መሬት እንደሆነ በስሙ ይጠራ።»

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ በዜማ ማንበብ በለመደ ድምፃቸው ጀመሩ። «ቁጥር አምስት። አዲስ ሙሽራ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቱን የሚደፋ።»

ሕዝቡ ተያየ። በመንደሩ አዲስ ሙሽራ የለም።

«ቁጥር ዘጠኝ። የክልክሉ ሽማግሌ ጢም። ነጭ፣ ሲነኩት የሚበተን።»

የሽማግሌው እጅ ወደ ጢማቸው ሄደ፤ እንዳለ መሆኑን አይቶ ተመለሰ።

«ቁጥር አሥራ አራት። እትዬ ሲቆጡ። አጭር። በሁሉም በኩል እሾህ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላየሁም፤ መሬቱን እያየሁ ነበር። መሬቱ ግን አልተከፈተልኝም፤ መከፈቻው ገና የሚካኤል ማግስት ነው።

«ቁጥር አሥራ ሰባት። የአባ…» ቄሱ አቆሙ። በዓይናቸው ወረድ ብለው ጨረሱት፤ ገጹን ገለጡ። «ይኼኛው አይነበብም» አሉ።

«ይነበብ!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

«ቁጥር ሃያ» አሉ ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አባዬ። ቢረግጡትም ተመልሶ ቀና ይላል።»

ሳቁ ቆመ። ወደ ኋላ ዞሬ አላየሁም፤ ማየት አልቻልኩም።

ሽማግሌው ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እንግዲህ ስሙኝ። እኔ የመሬት መዝገብ ብዙ አይቻለሁ። መሬት የሚለካ ሰው በአፉ ይሳደባል እንጂ በጽሑፍ አይሳደብም። ይቺ ልጅ መሬት አልለካችም።» ቀጥለው ቁጥር ሃያ አንድን በቄሱ አስነበቡና ወደ እኔ ዞሩ። «እሺ፤ ቁጥር ሃያ አንድ ላይ ‹እውነተኛ መንዜ› ያልሽው ማነው?»

«ፌንጣ ነው፣ አባባ። ክንፍ የለውም። ከዚህ ቦታ ወደየትም አይሄድም።»

ሽማግሌው በአምስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ርስቱን የማይለቅ ፌንጣ! ወዲያው ግን የድሮው ተከራካሪ ነቃባቸው።

«አባቱ ማነው? መጀመሪያ መሬቱን ካቀናው ከአቅኚ አባቱ ጀምረሽ ቁጠሪ!»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ማንም ጠይቆ አያውቅም። እኔም መቁጠር ጀመርኩ። ከአያቶቻችን ሁሉ በፊት፣ ወንዙ ይኼን ገደል ሳይቆርጠው፣ እዚህና ማዶ አንድ ሜዳ ነበር አልኩ። ፌንጣውም የአንድ አባት ልጅ ነበር። ወንዙ ቆረጠና ቤተሰቡን ለሁለት ከፈለው።

«ወንዝ አካፈላቸው» አሉ ሽማግሌው ለሕዝቡ፤ ሕዝቡም ራሱን ነቀነቀ፤ የተለመደ ነገር ነው።

የዚህኛው ወገን ውርጭና ነፋስ ደረሰው፣ የዚያኛው ሙቀት ደረሰው፤ በየትውልዱ ለደረሰው የሚሆነው ተረፈ፣ ያልሆነው ቀረ አልኩ። አሁን ቢገናኙ አይተዋወቁም፤ አይጋቡምም።

«ስንት ቤት ሲቆጠር?»

«ሰባት አይበቃም፣ አባባ። ሰባት ሺህም አይበቃ ይሆናል።»

ሽማግሌው አፏጩ። «ማነው የሚቆጥርላቸው?»

«ማንም።»

«ለዚህ ነዋ ዝምድናው የጠፋባቸው!» ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። «ቆይ፤ ቆይ። እኛ ሰባት ቤት እስክንራራቅ መጋባት ክልክል ነው። እነሱ ደግሞ ሲቀራረቡ ይጋባሉ፣ ሲራራቁ ይከለከላሉ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«የእኛ ተገላቢጦሽ!»

«በቅሎስ?» አሉ እትዬ ከመሐል፤ ገና እንደተኮሳተሩ ናቸው።

«በቅሎማ» አሉ ሽማግሌው፣ «ፈረስና አህያ ተራርቀው ሳለ ቆጣሪ ሳይጠይቁ ተጋቡ። ልጅቱ ጠንካራ ወጣች፤ የልጅ ልጅ ግን አልተፈቀደም። ይግባኝም የለው።»

ሁሉም ወደ ቄሱ አየ። ቄሱ ደብተሬን ዘጉ። «እኔ የማውቀው ፈጣሪ እንደየወገኑ መፍጠሩን ነው» አሉ። «ወገን እንደሚበዛና እንደሚለያይ ግን መንዝ ተቀምጦ የማያውቅ የለም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መምህራችን ባዩት ብዬ ተመኘሁ። ሽማግሌው ተነሱና ወደ ክልክሉ ሄዱ፤ ሕዝቡ ተከተለ፤ እኔ ገመዴን ራሴ ዘረጋሁ። ሽማግሌው ተንበርክከው፣ ዓይናቸው ፊደል የማያይ ሰው፣ እየዳሰሱና እያሸተቱ እያንዳንዱን በስሙ ጠሩ። እኔ ጻፍኩ። ቁጥር ሰባት ላይ ቆሙ።

«ይኼን አንድ ብለሽዋል?»

«ማገት ነው፣ አባባ።»

«ሁለት ነው። ይኼኛውን በግ ትበላዋለች፣ ያኛውን አሽትታ ታልፈዋለች። በግ የማትሳሳተውን አንቺ ከነትምህርትሽ ተሳሳትሽ?» ጠጋ ብዬ አየሁ። የአንዱ ቅጠል ጫፉ ጥርስ አለው፤ የሌላው የለውም። ሦስት ሳምንት አፍንጫዬ ሥር ነበሩ።

ሦስት ብዬ የጀመርኩት ሃያ ሦስት ደርሶ ነበር፤ ሽማግሌውና ሕዝቡ ሃያ ስድስት አደረሱት። የመጨረሻዋን ያገኙት እትዬ ናቸው፤ ከጓሣው ሥር የተደበቀች፣ ከምስማር ራስ የማትበልጥ አበባ። ስሟን ማንም አላወቀውም። ከዚያ እትዬ በስማቸው ወደ ጠራኋት ቁጥር አሥራ አራት ሄዱ፤ ኮሸሽላ ናት።

«እሾኹስ ይሁን» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አበባው ምን ይመስላል?»

«ያምራል፣ እትዬ። ንቦች ከሁሉም እሱን ነው የሚመርጡት።»

«እንግዲያ እሱንም ጻፊው።» እዚያው ፊታቸው ጻፍኩት።

ፍርዱ እዚያው ተሰጠ፦ ገመዱና ደብተሩ ለልጅቱ ይመለስ፤ ክልክሉ ሲከፈት ይቺ ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ አትታጨድ፤ ፌንጣው ከአባቱ በወረሰው ላይ ይቀመጥ። ማጭድ ያስገባ ይቀጣል። አባቴ ሰው መሐል ሾልኮ መጣና ችካሌን በድንጋይ መትቶ አጠበቀልኝ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ተከራክሬ ስንዝር አላገኘሁም» አለ። «ፌንጣ ጠበቃ አገኘ።» ማታ እትዬ ቤት ተጠራ፤ ዋንጫው መጀመሪያ ለእሱ ነው የተሰጠው አሉ። ሲመለስ «ጠላው ወፍራም ነው» አለ።

ገና አንድ የጎደለ ነገር አለ። የእትዬ አበባ ስም የላትም። ቁጥር ብቻ ሆና መሐል ሜዳ እንዳትቀርብ ሽማግሌው ትናንት ጥሪ አስተላለፉ፤ እኔም እንዳለ ላድርስላችሁ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማጭድ ከመግባቱ በፊት፣ ክልክሉ ላይ እንገናኛለን። የሣር ስም የሚያውቅ ይምጣ፤ ከገደሉ ማዶ የሆነ ደግሞ የእነሱ ፌንጣ ክንፍ ይኑረው አይኑረው አይቶ ይምጣና ይመስክር። አክስቴንም ጠርቻለሁ። ሩቅ ያላችሁ በየጓሮአችሁ ተንበርከኩና ቁጠሩ፤ መጀመሪያ ግን ለጎረቤት ንገሩ። ወደ እኛ የምትመጡ ባዶ እጃችሁን ኑ። ገመድ ብቻ እንዳታመጡ፤ እሱ እኔ ጋ አለ።